ሰውየውስ የት ሄደ?

ታናሽ እህቴ ማርገዟን የነገረችኝ ሌሊት ነው። መብራቱን አጥፍተን ተኝተናል። «እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» አለችኝ። «አልወሰደኝም» አልኳት። ከዚያ ብዙ ቆይታ ተናገረች። ድምጿ ከትራሱ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ያኔ 22 ዓመቷ ነው። እኔ 26።

ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ነገር «ሰው ምን ይላል?» የሚል ነበር። «ደህና ነሽ?» አላልኳትም። «ፈርተሻል?» አላልኳትም። ብዙ ዓመት አልፏል። እሷም እኔም ግን ያቺን አንዲት ጥያቄ አልረሳናትም። ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ሰጥቻት አንብባዋለች። «እንደነበረው ጻፊው» ብላኛለች።

ከሳምንት በኋላ ቤተሰብ ተጠራ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የእናቴ ዓይን አብጧል። የሚናገሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ስለ ክብር ተናገሩ። ስለ ቤተሰቡ ስም ተናገሩ። «ሴት ልጅ ራሷን ካልጠበቀች ማን ይጠብቃታል?» አሉ። እህቴ ጥግ ላይ ሆና የሹራቧን እጅጌ ትጎትታለች።

አጎቴ ከትዳራቸው ውጭ ሌላ ሴት ነበረቻቸው። ያን ቀን እዚያ ከተቀመጥነው መሀል ይህን የማያውቅ አልነበረም። የአንድ ወር ነገር አይደለም፤ ለዓመታት የቆየ ነው። ስልካቸው ሲጠራ ተነስተው ወደ ውጭ ይወጣሉ። እኛም አላየንም፣ አልሰማንም። አሁን በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለእኔ ደግ ሰው ነበሩ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። እትዬ ነው የምንላቸው። ያን ቀን የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። አጎቴ ትንፋሽ ሊወስዱ ገታ ሲሉ፣ ቀስ ብለው «ሰውየውስ የት ሄደ?» አሉ። የልጁን አባት ማለታቸው ነው። ማንም አልጠራውም ነበር። ስሙን እንኳ የጠየቀ የለም። አጎቴ «አሁን የተያዘው የእሱ ጉዳይ አይደለም» አሉና ንግግራቸውን ቀጠሉ።

ስለ ወሲብና ስለ ጋብቻ ሰው ሲከራከር በሰማሁ ቁጥር የእትዬ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም እየተባለ ክርክሩ ይጦፋል። እኔ ግን ዓይኔ ወደ ባዶው ወንበር ይሄዳል። እዚህ መኖር ሲገባው የሌለው ማን ነው?

እኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠራለን። ሁለት ያላገቡ ወጣቶች ተዋደው ቢተኙ ዝሙት ነው። የሶስት ልጆች አባት ሚስቱን ዋሽቶ ሌላ ቤት ቢያድርም ዝሙት ነው። ለሁለተኛው «ምንዝር» የሚል የራሱ ቃል አለን። ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱም «አታመንዝር» ነው የሚለው። በየዕለቱ ወሬያችን ግን ቃሉን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጆንያው ሲራገፍ መጀመሪያ የምትወድቀው ያላገባችዋ ልጅ ናት።

ለእኔ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም የሚያደርጉትን ያውቃሉ። በሁለተኛው ውስጥ ሶስት ሰዎች አሉ፤ ሶስተኛው ግን ምንም አያውቅም። እሱ ቤቱ ተቀምጦ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። ሃይማኖቴ ሁለቱንም እንደሚከለክል አውቃለሁ፤ ለራሴም ይህን ተቀብዬ ኖሬያለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር በአንድ ገጽ ላይ ስለተከለከለ ክብደቱ እኩል ነው ማለት አይደለም።

በዚህ ላይ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያየሁት ከቁጥር ነው። (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2013 በ40 አገሮች ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ያገባ ሰው ሌላ ጋ መሄዱ ነውር ነው ያሉት፣ አገሮቹ ተደርድረው መሀል ላይ ያለው ሲወሰድ፣ 78 በመቶ ናቸው። ያላገቡ ሰዎች ወሲብ ነውር ነው ያሉት ግን 46 በመቶ። በዚህኛው ጥያቄ ዓለም እንደ ሰማይና ምድር ተራርቋል። ኢንዶኔዢያ 97 በመቶው ነውር ነው ሲል፣ በጀርመንና በፈረንሳይ እንዲያ ያለው 6 በመቶ ብቻ ነው። መማገጥን ነውር ነው ያለው ሰው ከግማሽ በታች የሆነባት አገር ደግሞ ከአርባዎቹ አንዷ ብቻ ናት፤ ፈረንሳይ፣ 47 በመቶ።

የአሜሪካኖቹም ታሪክ ይገርመኛል። ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት በ1969 ሲጠይቃቸው ከጋብቻ በፊት ወሲብ ስህተት ነው ያሉት 68 በመቶ ነበሩ። ዛሬ ችግር የለውም የሚለው ሰው ከአሥር ሰባት ገደማ ደርሷል። የትዳር ጓደኛን ከድቶ መሄድን ችግር የለውም የሚለው ግን ዛሬም ከአሥር ሰው አንድ ገደማ ነው። በአንዱ ጥያቄ የአንድ ትውልድ ሐሳብ ተገለበጠ። በሌላው ንቅንቅ አላለም። ሰዎች ሁሉንም ነገር ልቅ አድርገውታል የሚለው ሮሮ እዚህ ጋ ልክ አይመስለኝም። የጆንያውን አፍ ፈትተው ውስጡ ያለውን ለዩት እንጂ።

የድሮዎቹን ሰዎች ግን ጨካኞች ነበሩ ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ክልከላው ከሜዳ አልተነሳም። የወሊድ መከላከያ በሌለበት ዘመን አንድ ሌሊት ማለት አንድ ልጅ ማለት ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ የሚያበላው ይፈልጋል። ወሊድ ራሱ ይገድል ነበር። ቂጥኝም ፔኒሲሊን እስከተሞከረበት እስከ 1943 ድረስ እንደልብ የሚድን በሽታ አልነበረም። ክኒኑ አሜሪካ ውስጥ ለእርግዝና መከላከያነት የተፈቀደው በ1960 ነው። ከዚያ በፊት «ጠብቂ» ያለች እናት ሁሉ ልጇን ለመጨቆን ነው ያለችው ማለት አልችልም። ብዙዎቹ ቀብረው ያዩትን ነው የተናገሩት።

ያም ሆኖ ያን ጊዜም የሚባለውና የሚደረገው አንድ አልነበረም። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ እነዚያ ጥብቅ የሚባሉት የኒው ኢንግላንድ ሰፋሪዎች ዘንድ፣ ከሶስት ሙሽሮች አንዷ ገደማ ለሠርጓ የደረሰችው አርግዛ ነው። የታሪክ አጥኚዎች ይህን ያወቁት የጋብቻውን መዝገብና የመጀመሪያውን ልጅ የልደት መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጠው ነው። ቀኑን ስትቆጥረው ዘጠኝ ወር አይሞላም። በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በ1940ዎቹ ከተወለዱት ሴቶች ከአሥር ዘጠኝ የሚጠጉት ሳያገቡ ወሲብ እንደነበራቸው አሳይቷል። የዛሬ አያቶች ማለት ናቸው።

እኔን የሚያመኝ ክልከላው አይደለም። ሒሳቡን ማን ከፈለ የሚለው ነው።

የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከ3,700 ዓመት በፊት ባወጣው ሕግ፣ ያገባች ሴት ከሌላ ወንድ ጋር ከተያዘች ሁለቱም ታስረው ውሃ ውስጥ ይጣሉ ይላል። ባልየው ከፈለገ ሚስቱን መማር ይችላል። ባልየው ራሱ ካላገባች ሴት ጋር ቢያዝስ? ያ የዚህ ሕግ ጉዳይ አይደለም። የሮማው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ በ18 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ምንዝርን የመንግሥት ወንጀል አደረገው። የገዛ ልጁን ዩልያንም በዚሁ ክስ በ2 ቅድመ ልደት ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት አጋዛት። እሱ ራሱ የሰው ሚስቶችን ይወድ እንደነበር የሮማ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ስለ እሱ ሳነብ የአጎቴ ፊት ነው የመጣብኝ።

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ነገር ይመስላል። ግን የ1810ሩ የፈረንሳይ የወንጀል ሕግ ያመነዘረች ሚስት ከሶስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ትታሰር ይል ነበር። ባልየው የሚቀጣው ውሽማውን ሚስቱ በምትኖርበት ቤት አምጥቶ ካስቀመጠ ብቻ ነው። ያውም በገንዘብ። ሌላ ቤት ከሆነ ማንም አይነካውም። ይህ ሕግ ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ1975 ነው። እኛ ቤት የተጻፈ ሕግ አልነበረም። የምንኖረው ግን በዚሁ ነበር።

ሃይማኖት ነው እንዲህ ያደረገን የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ መጽሐፉን ሳነብ ሌላ ነገር ነው የማየው። የሙሴ ሕግ ሲቀጣ ሁለቱንም ነው የሚቀጣው፤ አመንዝራውም አመንዝራይቱም ይላል። ቁርኣንም በሱረቱል ኑር ወንዱንም ሴቷንም በእኩል ያስቀምጣቸዋል። ሴትን በዝሙት ከስሶ አራት ምስክር ያላቀረበ ሰው ራሱ ሰማንያ ግርፋት አለበት። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ግን ሰዎቹ «ስታመነዝር ተያዘች» ብለው ወደ ኢየሱስ ያመጡት ሴቲቱን ብቻ ነው። ስታመነዝር ከተያዘች አብሯት የተያዘ ሰው መኖር አለበት። የት ሄደ? ሕጉ ሁለት ሰው እያለ ሰዎቹ አንድ ሰው ነው ይዘው የመጡት። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። የጎደለው ሰው ግን የታየኝ እትዬ ያን ቀን ከጠየቁ በኋላ ነው።

የዛሬ ሕጎችም ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄዱም። የደቡብ ኮሪያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ምንዝርን በእስር የሚቀጣውን ሕግ በ2015 ሽሮታል፤ ከዘጠኙ ዳኞች ሰባቱ ተስማምተው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2018 ከቅኝ ግዛት ዘመን የቀረውን አንቀጽ ሰርዟል። ያ አንቀጽ የሚቀጣው ወንዱን ብቻ ነበር። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አንድ ቦታ እንኳ ሰውየው ተገኘ አልኩ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ባልየው ከፈቀደ ወንጀል አይደለም ይላል። ለካ የሚቀጣው ሴቷን ስለበደለ አይደለም፤ የባሏን ንብረት ያለፈቃድ ስለነካ ነው። ኢንዶኔዢያ ደግሞ በ2022 ባጸደቀችው አዲስ የወንጀል ሕግ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ወሲብን እስከ አንድ ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል ውስጥ አስገብታዋለች። መክሰስ የሚችሉት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆች ወይም ልጆች ናቸው። እህቴን አሰብኳት። አባቴን አሰብኩት። ያን ቀን በእጁ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? አላውቅም። አጎቴ ግን ፈርም እንደሚሉት አልጠራጠርም።

ወደዚያ ክፍል ልመለስ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል አንዲት ዘመድ ወደ እኔ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ታላቋንስ ለምን ሐኪም አያያትም?» አሉ። ድንግልናዬ ይታይ ማለታቸው ነው። ደሜ ቀጥ አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ከፈራጆቹ ወገን የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም። ያኔ ግን ተነሳች። «ልጄን ማንም አይነካብኝም» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። በሩን ከፍታ ቆመች፤ ሰዎቹም አንድ በአንድ ወጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር ሆኖ ይህ ምርመራ እንዲቀር በ2018 ጠይቋል። ያኔ ቢያንስ በ20 አገሮች ይደረግ ነበር። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። አንዲት ሴት ወሲብ ፈጽማ ይሁን አይሁን በምርመራ ማወቅ አይቻልም። የድንግልና ምልክት የሚባለው ስስ ቆዳ ከሴት ሴት ይለያያል። በመጀመሪያው ቀን የማይደሙ ብዙ ናቸው። ያለ ወሲብም ቅርጹ ሊለወጥ ይችላል። ስንት ሴት በዚህ ምርመራ ተፈርዶባት ሕይወቷ እንደተበላሸ ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ለወንድ እንዲህ ያለ ምርመራ አስቦ የሚያውቅ ደግሞ የለም።

እኔ ጠብቄ ነው ያገባሁት። ባለቤቴም እንደዚሁ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጽፍ ሰው የቆመበትን ቦታ መናገር አለበት ብዬ ነው። የጠበቅኩት ስላመንኩበት ነው። ግማሹ እምነት ነበር፤ ግማሹ ፍርሃት። ዛሬ ሳስበው የትኛው ግማሽ ይበልጥ እንደነበር አልለየውም።

ስለ መጠበቅ ብዙ ይሰበካል። ከጠበቁ በኋላ ስለሚመጣው ግን ዝም ይባላል። የሠርጋችን ሌሊት ሁለት ምንም የማያውቁ ሰዎች ነበርን። ሃያ ዓመት ሙሉ «አይሆንም» ሲባል የኖረ ገላ፣ ፊርማ ስለተፈረመ በአንድ ሌሊት «እሺ» አይልም። የእኔ ገላ አላለም። ያመኛል። አለቅሳለሁ። ባለቤቴ ጥፋተኛ የሆነ እየመሰለው ፊቱን ያዞራል። ወራት አለፉ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ጋ ሄድን። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስለ ሰውነታችሁ ማን አስተማራችሁ?» የሚል ነበር። ተያየን። ማንም። ያቺ ሴት የነገረችን ነገር ሁሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ትዕግሥት፣ እርጋታ፣ እየተነጋገሩ መሄድ፣ ፍርሃት ጡንቻን እንዴት እንደሚቆልፍ። ይህን አንድ ሰዓት ከሠርጉ በፊት ማንም አልሰጠንም።

በመጠበቄ አልተጸጸትኩም። ባለቤቴና እኔ አብረን የተማርነው ነገር የራሳችን ነው፤ እወደዋለሁ። በዝምታው ግን በጣም ተጸጽቻለሁ። ዝምታን ንጽሕና ብለን ጠርተነዋል።

አሜሪካ ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ ወጣቶች እስኪያገቡ ድረስ ሊጠብቁ በጽሑፍ ቃል ይገቡ ነበር። ፒተር ቢርማንና ሐና ብሩክነር በ2001 ያወጡት ጥናት ሁለት ነገር አግኝቷል። ቃል የገቡት በአማካይ 18 ወር ያህል ዘግይተዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቃላቸውን ሲያፈርሱ ግን መከላከያ የመጠቀማቸው ዕድል ከሌሎቹ በአንድ ሶስተኛ ያነሰ ነበር። በ2009 ደግሞ ጃኔት ሮዘንባም ከአምስት ዓመት በኋላ ያሉበትን አየች። 82 በመቶዎቹ ቃል መግባታቸውን ራሱ ካዱ። ይህን ሳነብ አልፈረድኩባቸውም። ኮንዶም ያልያዘው ልጅ ይገባኛል። መያዝ ማለት አስቤበታለሁ ማለት ነው። ያላሰበ ሰው ግን «ተሳሳትኩ» ማለት ይችላል። እህቴ የነገረችኝም ይህንኑ ነው። ክኒን ፋርማሲ ሄዳ ብትገዛ ኃጢአቱ ታስቦበት የተሠራ ይሆንባት ነበር። ባትገዛ ግን እንዲያው የደረሰ ነገር ነው።

ሌላም አለ። መስመሩን በሠርጉ ቀን ላይ ብቻ ካሰመርነው፣ ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሁሉ ደህና ይመስለናል። በእንግሊዝ ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍር ወንጀል መሆኑ በከፍተኛው ፍርድ ቤት የጸናው በ1991 ነው። ከዚያ በፊት ስታገባ አንዴ ፈቅዳለች፣ አለቀ ይባል ነበር። ያላገቡት ሁለቱ ተፈላልገው ሲተኙ ነውር፣ ያገባችው እያለቀሰች ሲሆን ክቡር ጋብቻ። ይህን ሚዛን ልቀበለው አልቻልኩም።

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሆነው «አክስቴ፣ ዲቃላ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ። ጫማውን እያሰርኩለት ነበር። የት እንደሰማው አልጠየቅኩትም። ክሩን ደግሜ ፈትቼ ደግሜ አሰርኩት፤ ጊዜ ለማግኘት። በሕይወቴ ቃል እንደዚያ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ቃሉ ስለ እሱ ምንም አይናገርም። እሱ ያደረገው አንድም ነገር የለም። የትልልቆቹን ሒሳብ ግን ወስዶ በትንሽ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል።

በዓለም ላይ ይህ ሒሳብ በሕግ ሲጫን ኖሯል። ቤልጅግ ውስጥ ፓውላ ማርክስ የምትባል ጋዜጠኛ በ1973 ሳታገባ ሴት ልጅ ወለደች። በአገሩ ሕግ ያላገባች ሴት ስለወለደች ብቻ እናት አትባልም ነበር። «ልጄ ናት» ብላ ቀርባ በሕግ መቀበል አለባት። ከዚያም የልጅቷ መብት እንዲሻሻል የገዛ ልጇን በጉዲፈቻ ወሰደቻት። ከማኅፀኗ የወጣችውን ልጅ! ጉዳዩን እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አደረሰችው። በሰኔ 1979 ረታች።

አየርላንድ ውስጥ የሆነው ደግሞ እስከዛሬ ይከብደኛል። ሳያገቡ ያረገዙ ሴቶች የሚላኩባቸው ቤቶች ነበሩ። በ2021 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት 18 ተቋማትን ተመልክቷል። የመጨረሻው የተዘጋው በ1998 ነው። በእነዚያ ቤቶች 56,000 ገደማ እናቶች አልፈዋል። 9,000 ገደማ ሕፃናት ሞተዋል። ሪፖርቱ በወጣ ማግስት የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። 56,000 እናት ማለት ከጀርባው ስንት አባት አለ? እነሱን የሚያስገባ ቤት አልተሠራም።

ስለ ምንዝር ላነሳሁት ነገር ጓደኛዬን ልጥራ። ባሏ ሁለት ዓመት ሲዋሻት ቆይቶ ነው ያወቀችው። «ከሌላ ሴት ጋር መተኛቱን እችለዋለሁ ብዬ አስብ ነበር» አለችኝ። «ያልቻልኩት ወደኋላ መመለሱን ነው።» አብረው የሳቁበትን ቀን ታስታውሳለች፤ ከዚያ የዚያኑ ቀን ማታ የት አመሸ ብላ ታሰላለች። ፎቶዎቿን አንድ በአንድ እያየች ቀኑን ትፈትሻለች። የወደፊቱን ብቻ አይደለም የወሰደባት፤ ያለፈውንም ነው። እኔ ምንዝርን ከሌላው የምለየው ለዚህ ነው። ችግሩ አልጋው ላይ አይደለም ያለው። አንድ ሰው ስለ ገዛ ሕይወቱ ሳያውቅ እንዲኖር መደረጉ ነው። በሽታም ቢመጣ የሚመጣባት ሳታውቅ ነው፤ ታማኝ ሆና ተቀምጣ።

ተስማምተው፣ ተነጋግረው፣ ሌላ ሰው የሚፈቅዱ ባለትዳሮችም አሉ። እኔ እንዲያ መኖር አልችልም፤ ልቤ አይችለውም። የተታለለ ሰው ከሌለ ግን ከአጎቴ ጋር በአንድ ስም ልጠራቸው አልደፍርም።

እትዬ ሁሉን ያውቁ ነበር። ይህን የነገሩኝ በቅርቡ ነው፤ ከአጎቴ ቀብር በኋላ። የሴትየዋን ስም ያውቃሉ። ቤቷን ያውቃሉ። አንድ ቀን እስከ በሯ ሄደው ሳያንኳኩ ተመልሰዋል። ያን ቀን ባላቸው ስለ ክብር ሲናገሩ አጠገባቸው ተቀምጠው ይሰሙ የነበረው ይህን ሁሉ ይዘው ነው። «ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው። «ልጆቹን ይዤ የት ልሄድ?» አሉኝ። ሌላ ምን ይበሉ?

እህቴ የወለደች ቀን ዝናብ ነበር። እናቴና እኔ ነበርን ሆስፒታሉ ውስጥ። ከቤተሰቡ ሌላ ሰው ይመጣል ብለን አልጠበቅንም። አመሻሽ ላይ በሩ ተከፈተና እትዬ ገቡ። ብቻቸውን ናቸው። ነጠላቸው ከትከሻቸው በታች ርሷል። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ በቀጥታ ወደ አልጋው ሄዱ። ሕፃኑን አንስተው ፊቱን ወደ መብራቱ አዞሩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ማን አላችሁት?» አሉ።

እህቴ ስሙን ነገረቻቸው። እሳቸውም ደግመው ጠሩት፤ እንዲለምዱት እንደሚፈልጉ ሁሉ፣ ሁለት ጊዜ።